የአፍንጫ ጌጥ በዓይን አይለካም

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የተነሳውን ክርክር ያልነበራችሁም ሳትሰሙ አልቀራችሁም። አፍንጫ መበሳት ለእኛ ይገባል አይገባም የሚል ነበር። ታላላቆቻችን «የቤት ሠራተኛ አፍንጫዋን ተበስታ ለማን ልታሳይ ነው? ብሩን ለእናቷ ትላክ» አሉ። ትንንሾቹ ደግሞ «ስድስት ቀን የማዳም ነኝ፣ አፍንጫዬ እንኳ የራሴ ይሁን» አሉ። ጨዋታው ደርቶ ቡናው በረካ ደረሰ። አንድም ሰው ግን «ስንት ሚሊሜትር?» ብሎ የጠየቀ የለም።

የእኔ ሐሳብ ይኼ ነው። መበሳትና አለመበሳት የእያንዳንዷ የራሷ ጉዳይ ነው፤ ማዳምም ማኅበራችንም አይወስኑላትም። የምትበሳ ግን ልኳን በቁጥር ማወቅ አለባት። ጌጡን በመልኩና በዋጋው ብቻ መርጠን ከገዛን ቀሪውን ሒሳብ የምንከፍለው በአፍንጫችን ነው። እዚህ አገር ደግሞ አፍንጫችን ሲያብጥ የሚያሳክመን ሰው እንደ ልብ አይገኝም።

«ለአንዲት ትንሽ ጌጥ ይኼን ያህል ምን አከበደሽ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው በ1946 በፈረንጆች ነው። አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ ሱቅ ወይም ቢሮ የምትሠራ ሴት ታማ ስትቀር ያላት መብት በዚያ ሕግ ለእኛ የለም። ያለን ኮንትራታችን ነው። ኮንትራቱ ሕክምና በአሠሪ ነው ይላል፤ ግን በፍላጎታችን የተበሳነው አፍንጫ መግል ሲይዝ «ማን ተበሺ አለሽ?» መባላችን አይቀርም። ኢቃማ የሌላት፣ ከቤት ወጥታ በሰዓት የምትሠራዋ እህታችንማ ሐኪም ቤት በር ላይ ለመቆምም ትፈራለች። ለሌላ ሰው ትንሽ ቁስል የሆነ ነገር ለእኛ ደመወዝም ሥራም ሊያሳጣ ይችላል።

ሥራችንንም አስቡት። አንሶላ ስንጎትት፣ ሹራብ በራሳችን በኩል ስናወልቅ፣ ላባችንን በፎጣ ስንጠርግ፣ ሕፃን ስናቅፍ አፍንጫችን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይነካዋል። ሕፃን ደግሞ የሚያብረቀርቅ ነገር ካየ እጁን ይሰዳል፤ ከያዘ አይለቅም። አሮጊት የምታነሳና የምታስተኛ ልጅም የአሮጊቷ ሻል ወይም ጣት አፍንጫዋን ይስባታል። ስለዚህ በቴሌፎን ፎቶ አይተን «ይኼን የመሰለ» ብለን የምንገዛው ጌጥ ለሞዴሏ ልክ ሆኖ ለእኛ ላይሆን ይችላል። እሷ ምንጣፍ አታራግፍም።

እንግዲህ ልክ ስል አራት ነገር ማለቴ ነው፤ ውፍረት፣ ርዝመት፣ የቀለበቱ የውስጥ ስፋት እና የአናቱ ትልቅነት።

መጀመሪያ ውፍረት። ይኼ በቀዳዳው ውስጥ የሚያልፈው ዘንግ ነው። ለአፍንጫ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት 0.8 ወይም 1 ሚሊሜትር ነው። የሚበሱትና የሚሸጡት ሰዎች «ጌጅ» በሚባል ቁጥር ይጠሩታል። 18 ጌጅ 1 ሚሊሜትር ነው፣ 20 ጌጅ 0.8 ነው፣ 22 ጌጅ 0.6 ገደማ ነው። ልብ በሉ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ዘንጉ ይቀጥናል። «22 ይበዛብኛል፣ ቀጭኑን 18 ስጠኝ» ያለች ልጅ ወፍራሙን ይዛ ትሄዳለች። በ1 ሚሊሜትር የተበሳ አፍንጫ ላይ 0.6 ካስገባን ቀዳዳው በቀጭኑ ልክ ይጠባል፤ ተመልሰን የድሮውን ስንገፋ ይደማል። በጣም ቀጭን ሽቦ ላይ ከባድ ነገር ማንጠልጠልም ደግ አይደለም። ክር ሳሙና እንደሚቆርጥ ቀስ እያለ ሥጋውን ወደ ታች ይበላዋል።

ሁለተኛ ርዝመት። ይኼ ለሎቲ ነው፤ ከአናቱ ሥር ጀምሮ እስከ ጀርባው ድረስ ያለው ዘንግ። ለዳነ አፍንጫ ብዙ ሴቶች የሚስማማቸው ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ነው። የአፍንጫ ሥጋ ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ የጓደኛሽ ልክ ያንቺ አይደለም። ዘንጉ ካጠረ አናቱ ወይም ጀርባው ሥጋው ውስጥ ይሰምጣል፣ ቆዳ ይለብሳል፣ ከዚያ የሚያወጣው ሐኪም ብቻ ነው። ከረዘመ ደግሞ ይወዛወዛል፣ ፎጣ ይይዘዋል፣ ውስጥ ያለው ጫፍ መሐለኛውን ግድግዳ ይወጋል። እየተወዛወዘ የሚኖር ጌጥ ከቀዳዳው ጎን ትንሽ እብጠት ያወጣል። ብዙዎቻችን እሷን «ኬሎይድ» እንላታለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን በመነካካት የመጣች እብጠት ናት፤ ልኩ ሲስተካከልና መነካካቱ ሲቀር ትጠፋለች። እውነተኛው ኬሎይድ ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ጠባሳ ነው፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ይበዛል፣ በዘርም ይሄዳል። ጆሮዋን ተበስታ እንዲህ ያለ ጠባሳ ያወጣች፣ ወይም በቤተሰቧ ያለባት ልጅ አፍንጫዋን ከመንካቷ በፊት ደጋግማ ታስብ።

ሦስተኛ ቀለበት። ቀለበት የሚለካው ከውስጥ ጫፍ እስከ ውስጥ ጫፍ ነው። የተለመደው 8 ሚሊሜትር ነው። ቀዳዳው ወደ አፍንጫው ጠርዝ ለተጠጋባት 7 ይበቃታል፤ ከፍ ብላ ለተበሳችው 9 ወይም 10 ያስፈልጋታል። ለማወቅ ቀላል ነው። ከቀዳዳው እስከ አፍንጫሽ የታችኛው ጠርዝ ያለውን በማስመሪያ ለኪ፣ ከዚያ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ጨምሪ። ጠርዙ ጋ 6 ከሆነ 8 ይሆንሻል። የጠበበ ቀለበት ሥጋውን ቆንጥጦ ይይዛል፤ የሰፋው ደግሞ የሕፃን ጣት ይገባበታል።

አራተኛ አናቱ። እዚህ ላይ በሚሊሜትር ማሰብ ለሚያስቸግራችሁ በእህል ልንገራችሁ። የጤፍ ፍሬ 1 ሚሊሜትር ገደማ ናት። ምስር ከእሷ በጣም ይበልጣል። ለሥራ የሚሆነን አናት በሁለቱ መሐል፣ ወደ ጤፏ ተጠግቶ ነው፤ 1.5 ወይም 2 ሚሊሜትር፣ ጠፍጣፋ። ምስር የሚያህለው ያምራል፣ አልካድኩም። እሱን ግን ለሠርግና ለጥምቀት አስቀምጪው።

አሁን የመጀመሪያው ጌጥና የሁለተኛው ጌጥ ልዩነት ላይ እንምጣ፤ ትልቁ ችግራችን እዚህ ነው። በእኛ አገር ጆሮ ሲበሳ በመርፌና ክር ነው፤ ክሩ ይታሰራል፣ ገጠር ደግሞ ስንደዶ ይሰካል፣ ሲድን ጉትቻ ይገባል። ስለዚህ አፍንጫም እንደዚያ ቶሎ የሚድን ይመስለናል። የጆሮ ጫፍ ግን ለስላሳ ሥጋ ነው። አፍንጫ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። አዲስ የተበሳ አፍንጫ ያብጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዘንግ ረዘም ማለት አለበት፤ ብዙ ጊዜ 8 ሚሊሜትር ያደርጋሉ። እብጠቱ ሲወርድ፣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ወደ በሳሽ ሰው ተመልሶ ማሳጠር ያስፈልጋል። እኛ ግን ወይ ከመጀመሪያው አጭር እናስገባለን፣ ወይ ረጅሙን ተሸክመን ዓመት እንኖራለን። በመጀመሪያ ቀን ቀለበት ማድረግም አልደግፍም። ቀለበት ይሽከረከራል፤ በተሽከረከረ ቁጥር ቁስሉን ይከፍተዋል። ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ ሎቲ ይሻላል። ቀለበቱ እስኪድን ይጠብቅ።

በሽጉጥ መበሳትን ደግሞ እርግፍ አድርገን እንተወው። ሽጉጡ ጌጡን በጉልበት ይገፋዋል እንጂ አይወጋም። ብዙዎቹ ፕላስቲክ ስለሆኑ በከፍተኛ ሙቀት አይቀቀሉም፤ የሌላ ሰው ደም ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ከዚያ የሚተኩሰው የጆሮ ሎቲ ነው፤ ርዝመቱ ለአፍንጫ አልተሠራም፣ የጀርባው መቆለፊያ አፍንጫ ውስጥ ቆሻሻ ይሰበስባል። መርፌ ይሁን፤ እሱም ፊታችን የሚከፈት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራበት። በዚሁ አጋጣሚ ጌጥ መዋዋስ ይቅር። ልካችን አንድ ነው ብለን የምንቀያየረው ሎቲ የጉበት ቫይረስም ሊያቀያይረን ይችላል።

ስለ ጌጡ ዓይነት አጠር አድርጌ ልናገር። ለአዲስ ቀዳዳ ጥሩው ለሰውነት ውስጥ ሕክምና የሚሠራበት ዓይነት ቲታኒየም ነው፤ ቀላል ነው፣ ሥጋ አይቆጣውም። ወርቅ ከሆነ 14 ወይም 18 ካራት። ከዚያ በላይ ያለው ስለሚለሰልስ ይጫጫራል፤ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይገባል። ማኅተሙን እዩት። 585 ካለ 14 ካራት ነው፣ 750 ካለ 18፣ 875 ካለ 21። ወርቅ ቅቡ ይላጣል፤ ሥሩ ብዙ ጊዜ ኒኬል አለበት፣ ኒኬል ደግሞ ብዙ ሰው ያሳክካል። ብር ለዳነ ቀዳዳ እንጂ ለቁስል አይሆንም።

እዚህ ላይ ስለምንኖርበት ሰፈር አንድ ነገር ልበል። ቡርጅ ሐሙድን ሰፈር ያደረጉት ከ1915ቱ የአርመኖች እልቂት የተረፉ ስደተኞች ናቸው። የጠፉባቸውን ከተሞች ስም ለሰፈሮቹ ሰጧቸው፤ ኖር ማራሽ፣ ኖር አዳና፣ ኖር ሲስ። «ኖር» አዲስ ማለት ነው። ይዘው የመጡት የእጅ ሙያ ነው፤ ዛሬም ወርቅ ሠሪው ብዙ ነው። ሚሊሜትር የሚለካው መሣሪያ ጠረጴዛቸው ላይ አለ። እኛ ግን በመስኮቱ እያየን እናልፍና ዶራ ወርደን የእግረኛ መንገድ ላይ የተዘረጋውን እንገዛለን። ለምን? ወርቅ ቤት መግባት ያሳፍረናል። ገዝተን የማንወጣ ከሆነ የሚያባርሩን ይመስለናል። ሁልጊዜም ጥሩ ፊት አይሰጠንም፤ ይኼን ደብቄ አላወራም። ግን መጠየቅ ነጻ ነው። እኛ የምናውቀው «አዴሽ?» ማለት ብቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ «ካም ሚሊ?» ማለት እንልመድ። ዋጋውን ከመጠየቃችን በፊት ልኩን እንጠይቅ። «አላውቀውም» ያለን ሻጭ ካለ ዕቃውን እዚያው እንተውለት።

አሁን ወደ ማዳም ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት እሱን ነው። እኔ ከሠራሁባቸው ቤቶች በአንዱ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አውልቂው» እባል ነበር። ቀዳዳው ገና ሁለት ወሩ ነበር። ሁለቱን እንግዳ እየደማ ቻለው፣ በሦስተኛው እንግዳ ተዘጋ። አዲስ ቀዳዳ በሰዓታት ውስጥ ሊጠብ፣ ሊዘጋ ይችላል። ማዳሞች ይኼን አያውቁም፤ የጆሮ ጉትቻ አውልቀው እንደሚያድሩት ይመስላቸዋል። ስለዚህ ክርክሩ «መብቴ ነው» እና «ቤቴ ነው» ላይ እንዲደርስ ከመፍቀድ ይልቅ ቀድመን በልክ እንናገር። «ማዳም፣ ትንሽ ናት፣ ጠፍጣፋ ናት፣ 2 ሚሊ ናት፣ ስድስት ወር መውለቅ የለባትም፣ ካወለቅኳት ትቆስላለች።» ቁስል የሚለው ቃል ወጥ ቤቷን ያሳስባታልና ትሰማለች። ከዳነ በኋላ ደግሞ ከመስታወት የተሠራ፣ ቀለም የሌለው፣ የማይታይ ዘንግ አለ፤ ለእንግዳ ቀን እሱን ማስገባት ይቻላል። ግን እሱም በውፍረት ቁጥር ነው የሚገዛው። ቁጥሯን የማታውቅ ልጅ እሱንም መግዛት አትችልም።

ጊዜም እንምረጥ። አዲስ ቤት ልትገቢ ሁለት ሳምንት ሲቀርሽ፣ ወይም ማዳም ለመውለድ ስትቃረብ አትበሺ። የማታውቂው ቤት፣ የማታውቂው ሰው፣ አዲስ ቁስል አንድ ላይ አይሆንም። «ዛሬውኑ አውጪው» ብላ ራሷ እጇን ወደ አፍንጫሽ የምትሰድ ካለች ግን ያ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። ሰውነታችንን ማንም እንዲጎትት አልፈረምንም። ያንን ለማኅበራችን ንገሩ።

ለታላላቆቻችን መልስ አለኝ፣ በአክብሮት። «ነውር ነው» ያላችሁ፣ እናቶቻችን አንገታቸውን ተነቅሰዋል፣ ድዳቸውን ተነቅሰዋል፤ ማንም ባለጌ አላላቸውም። ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 ላይ የአብርሃም ሎሌ ለርብቃ የሰጣት የወርቅ ቀለበት ለአፍንጫዋ ነበር፤ ክብደቱም ተጽፏል፣ ግማሽ ሰቅል። እዚያም ቢሆን ጌጡ ከነልኩ ነው የተጻፈው። «ገንዘቡ ቤት ይሂድ» ያላችሁት ግን ትልቅ እውነት አለበት። ሊራው በ2019 መውደቅ ከጀመረ ወዲህ አንድ ዶላር እንዴት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የአፍንጫ ወርቅን «ጥሪት ነው» ብላችሁ ራሳችሁን አትሸንግሉ። ብዙውን ጊዜ ክብደቱ አንድ ግራም አይሞላም፤ ስትሸጡት የእጅ ዋጋው አይመለስም። ጥሪት ከፈለጋችሁ ዕቁብ አለን። የአፍንጫ ጌጥ ለደስታ ነው የሚገዛው፤ ደስታም ይገባናል። በልኩ የተገዛ አንድ ቲታኒየም ዓመታት ያገለግላል። በየወሩ የሚላጥ ርካሽ አምስት ጊዜ ከመግዛት እሱ ይቀላል።

ተበስታ ለታመመችባችሁም ልናገር። ጠዋትና ማታ ከፋርማሲ በሚገዛ ሴሩም፣ ማለትም 0.9 በመቶ ጨው ባለበት ንጹሕ ውሃ እጠቡት። አልኮል፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ አይነካውም። እጃችን ከበረኪና ከወጣ ሳይታጠብ ወደ አፍንጫ አይሂድ። ነጣ ያለ ፈሳሽና ቅርፊት የመዳን ምልክት ነው። ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል፣ የሚስፋፋ መቅላት፣ ትኩሳት ከመጣ ግን ሐኪም ያስፈልጋል። ጌጡን በራሳችሁ አታውጡት፤ ቀዳዳው መግሉን ውስጥ ዘግቶ ሊያስቀረው ይችላል።

እንግዲህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይኼ ነው። አንደኛ፣ ከመዋጯችን ላይ አንድ ካሊፐር እንግዛ፤ የብረታ ብረት ዕቃ መሸጫ ውስጥ የሚገኝ ዓይነት፣ ውፍረት የሚለካ። ከማስመሪያ ጋር እሑድ በምንሰበሰብበት ክፍል ይቀመጥ፣ በሴሩምና በአልኮል የሚጸዳ ሰው ይመደብለት። ሁለተኛ፣ እያንዳንዷ የተበሳች ልጅ ሦስት ቁጥር በስልኳ ትጻፍ፤ ውፍረት፣ ርዝመት ወይም የውስጥ ስፋት፣ አናት። ለምሳሌ 0.8፣ 7፣ 2። ሦስተኛ፣ ልካችን ከታወቀ በኋላ ተሰብስበን ከአንድ ቦታ እንግዛ። አሥር ሆነን ስንገባ ወርቅ ቤቱም ፊቱን ይፈታል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። አራተኛ፣ ከቤት መውጣት የማይፈቀድላቸው እህቶች ከመሐላችን አሉ። እነሱ ልካቸውን በድምፅ መልእክት ይላኩልን፣ ገዝተን እናድርስላቸው። ማስመሪያ ከማዳም ልጆች የትምህርት ቦርሳ አይጠፋም።

የማትስማሙ ካላችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ተናገሩ፣ ወይም ለመጽሔታችን ጽፋችሁ ላኩ። የምትስማሙ ደግሞ ስትመጡ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ኑ።

እህታችሁ፣ ከቡርጅ ሐሙድ